«መክሩህ ብቻ ነው» ያልነው ጭስ፦ የትምባሆ፣ የፈትዋና የሳንባ ካንሰር ታሪክ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት መስጂድ የሚሰግዱ አንድ ሹፌር ነበሩ። ሰላት የማያሳልፉ፣ በረመዳን ለኢፍጣር ተምር ገዝተው የሚያመጡ፣ ሕፃናት የሚወዷቸው ሰው። አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው። መግሪብ ሲደርስ በተምር ያፈጥራሉ፤ ሰላቱ እንዳበቃ ከግቢው በር ወጥተው ሲጋራ ይለኩሳሉ። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ቢተዉት ምናለ?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «ኡስታዝ፣ አንተ ኪታብ የቀራህ ልጅ ነህ። እስቲ ሐራም ነው በለኝ» አሉ። እኔም ደረሳ ሳለሁ የሰማሁትን አስታውሼ «ኡለማዎች ኺላፍ አላቸው፤ መክሩህ ያሉም አሉ» አልኩ። «በቃ! መክሩህ ብቻ ነዋ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ከሁለት ረመዳን በኋላ ሳል ያዛቸው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ከዚያ ቲቢ ተጠረጠረ። የሳንባ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ በሽታው ወደ አጥንታቸው ዘልቆ ነበር። ጀናዛቸውን ካጠቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ያ ግዙፍ ሰው እንደ ልጅ ቀሎ ነበር። አላህ ይማራቸው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሰጠኋቸው መልስ ውሸት አልነበረም፤ ኺላፉ በእውነት ነበር። ግን ኺላፉ በየትኛው ዘመን፣ በምን ዕውቀት ላይ፣ በምን ሸርጥ እንደተመሠረተ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ግማሹን ነግሬያቸው ግማሹን ሳላውቀው ቀርቻለሁ። ይህ ጽሑፍ የቀረው ግማሽ ነው። ረዘም ቢልም ታገሱኝ፤ ታሪኩ የሁላችንንም ደጃፍ የሚያንኳኳ ነው።

■ በኪታቦቻችን ያልነበረው ተክል

ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በፊት ከውቅያኖሱ ወዲህ ያለ ሕዝብ አያውቀውም ነበር። ስለዚህ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አልነበረም፤ በሶሐባዎች ዘመን አልነበረም፤ አራቱ የመዝሀብ ኢማሞችም አላዩትም። በቁርኣንም በሐዲስም «ትምባሆ» የሚል ቃል ፈልጎ ያጣ ወጣት ሊገረም አይገባም። ያልነበረ ነገር በስሙ አይጠራም።

ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በ1600 አካባቢ ነው። የዑስማኒያው ታሪክ ጸሐፊ ኢብራሂም ፔቼቪ እንደመዘገበው በሂጅራ 1009 እንግሊዞች ወደ ቱርክ አገር አመጡት። እንዴት አድርገው ሸጡት? መድኃኒት ነው ብለው! ከእርጥበት የሚመጣን በሽታ ያድናል እየተባለ ነው ሕዝቡ የለመደው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ትምባሆ የሙስሊሞችን ከተማ በር ያንኳኳው የሐኪም ልብስ ለብሶ ነው።

በዚያው ሰሞን በሕንድ፣ በንጉሥ አክበር ቤተ መንግሥት ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አሰድ ቤግ የተባለ ባለሟል ከደቡብ ትምባሆና ያጌጠ ማጨሻ ይዞ ለንጉሡ አቀረበ። ንጉሡ ሞከሩት። የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ግን ተቃወመ። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ በሕክምና መጻሕፍታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር የተጻፈ የለም፣ ያልተፈተነ ነገር ለንጉሥ እንዴት ይሰጣል የሚል ነው። አሰድ ቤግ በበኩሉ አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ያልታወቀ ነው ብሎ ተከራከረ። በቤተ መንግሥቱ ትምባሆው አሸነፈ። የሐኪሙ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ቆየ።

■ አንድ ከተማ፣ አንድ መዝሀብ፣ ሁለት ፈትዋ

አዲስ ነገር ሲመጣ ኡለማዎች ይመረምራሉ። የዚያ ዘመን ክርክር በጣም የጦፈ ነበር።

በካይሮ ኢማም ኢብራሂም አል-ለቃኒ (ረሂመሁላህ) ነበሩ። ደረሳ የነበረ ሰው ስማቸውን ያውቀዋል፤ «ጀውሀረቱ-ት-ተውሒድ» የተሰኘው የዐቂዳ ነዝም የእርሳቸው ነው። እኔም ጀውሀራን በቃሌ ስይዝ ጸሐፊው ስለ ትምባሆ የጻፉ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ሼኹ ትምባሆን የሚያወግዝ፣ ወንድሞችን የሚመክር ሪሳላ ጽፈዋል።

በዚያው ካይሮ፣ በዚያው የማሊኪያ መዝሀብ ሼኽ ዐሊ አል-ኡጅሁሪ (ረሂመሁላህ) ነበሩ። እርሳቸው ደግሞ አእምሮን እስካልሰወረ ድረስ ማጨስ እንደሚፈቀድ የሚያስረዳ ሪሳላ ጻፉ። ኋላም በደማስቆ ታላቁ የሐነፊያ ዓሊም ዐብዱልገኒ አን-ናቡሉሲ መፈቀዱን ደግፈው ሰፊ ኪታብ አዘጋጁ።

የከለከሉት ገንዘብ ማባከኑን፣ ሽታውን፣ ሰውን ለሥራ ፈት ስብስብ መጋበዙንና አካል መጉዳቱን ጠቀሱ። የፈቀዱት ደግሞ «የነገሮች መሠረት መፈቀድ ነው» የሚለውን ቃዒዳ ያዙ። አያሰክርም፤ ነጃሳ አይደለም፤ የሚከለክል ነስ አልመጣም፤ ጉዳቱም በሁሉም ሰው ላይ አልተረጋገጠም አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፈቃጆቹ «ቢጎዳም ይፈቀዳል» አላሉም። አል-ኡጅሁሪ ራሳቸው የሚጎዳው ሰው ካለ በእርሱ ላይ እንደሚከለከል ያምኑ ነበር። ጎጂነቱ የተረጋገጠ ነገር እንደማይፈቀድ ከሁለቱም ወገን የተከራከረ አልነበረም። ክርክሩ «ይጎዳል ወይ?» በሚለው ላይ ነበር። ይህ ደግሞ የፊቅህ ጥያቄ ሳይሆን የሕክምና ጥያቄ ነው። የሕክምናው መልስ ደግሞ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ሱልጣኖቹም በየፊናቸው ገቡበት። በ1633 (እ.ኤ.አ.) ኢስታንቡልን ትልቅ ቃጠሎ ካወደማት በኋላ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ቡና ቤቶችን ዘጉ፣ ትምባሆንም ከለከሉ። ቅጣቱ እስከ ሞት ይደርስ ነበር። ሰው ተወው? አልተወውም። የዘመኑ ምሁር ካቲብ ጨለቢ እንደጻፈው ቅጣቱ በከረረ ቁጥር አጫሹ በዛ፤ በእጅጌያቸው አጭር ፒፓ ደብቀው የሚያጨሱ ወታደሮች ነበሩ። ሙራድ ከሞቱ በኋላ ሸይኹል ኢስላም የነበሩት ባሃኢ ኤፈንዲ የሚፈቅድ ፈትዋ ሰጡ። እርሳቸውም አጫሽ ነበሩ፤ ካቲብ ጨለቢ ግን ፈትዋውን የሰጡት ለራሳቸው ሱስ ብለው ሳይሆን የሕዝቡን ሁኔታ አይተው ነው ይላል። ከዚህ የምንማረው በሰይፍ የመጣ ክልከላ ልብ ውስጥ እንደማይገባ ነው።

■ ጉዳቱ ለምን አልታየም?

«እነዚያ ታላላቅ ዓሊሞች ይህን የሚያህል በሽታ እንዴት ሳያዩ ቀሩ?» የሚል ይኖራል። አልተሳሳቱም፤ በሽታው ገና ስላልመጣ ነው።

በዚያ ዘመን ሰው የሚያጨሰው በፒፓና በውኃ ማጨሻ ነበር፤ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ከሰዎች ጋር ተቀምጦ። የፒፓው ጭስ ጉሮሮን ስለሚያቃጥል ብዙዎች አፋቸው ውስጥ አቆይተው ይተፉታል እንጂ ወደ ሳንባ አይስቡትም። ብዙ ሰውም በወረርሽኝና በሌላ በሽታ ሳይሸመግል ይሞት ነበር። ካንሰር ግን ትዕግሥተኛ ነው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል። የውስጥ አካልን የሚያሳየው ራጅም የተገኘው በ1895 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ለዚህ ማስረጃው ይኸውላችሁ። በ1912 (እ.ኤ.አ.) አይዛክ አድለር የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ስለ ሳንባ ካንሰር መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ይህን ያህል ብርቅ ስለሆነ በሽታ መጻፍ ይገባል ወይ ብሎ አንባቢውን ይቅርታ በሚጠይቅ መንፈስ ነው የጀመረው። ብርቅ! ዛሬ በዓለም ላይ ከየትኛውም ካንሰር በላይ ሰው የሚገድለው የሳንባ ካንሰር ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተይዘውበታል፤ 1.8 ሚሊዮን ያህሉ ሞተውበታል።

በመካከሉ ምን ሆነ? ማሽን መጣ። በ1880 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጄምስ ቦንሳክ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሲጋራ የሚጠቀልል ማሽን ሠራ። ጎበዝ ሠራተኛ በእጁ በደቂቃ አራት ያህል ይጠቀልል ነበር፤ ማሽኑ ሁለት መቶ ያህል። ሲጋራ ረከሰ፤ በየኪሱ ገባ። በአዲስ መንገድ የደረቀው ቅጠል ጭሱ ለስላሳ ስለሆነ ሰው ሳያስለው ወደ ሳንባው ጥልቅ ይስበው ጀመር። ከዚያ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መጡ፤ ለወታደሩ ከምግቡ ጋር ሲጋራ ታደለ። ከሃያ ሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሆስፒታሎች አይተውት በማያውቁት በሽታ ተጥለቀለቁ።

አል-ኡጅሁሪና አን-ናቡሉሲ ፈትዋ የሰጡበት ነገርና ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ነገር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ አይደሉም።

■ ምስክሩ ሲመጣ

በ1940ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ የሳንባ ካንሰር ሞት ለምን እንደጨመረ የሚያውቅ አልነበረም። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እንዲያጠኑት ተመደቡ። ዶል አጫሽ ነበር፤ እርሱ የጠረጠረው የመኪና ጭስንና አዲሱን የአስፋልት ሬንጅ ነበር። ከለንደን ሆስፒታሎች ታማሚዎችን ጠየቁ። 649 የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ወንዶች በሌላ ሕመም ከተኙ 649 ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። በሳንባ ካንሰር ከታመሙት ውስጥ የማያጨሱት ስንት ነበሩ? ሁለት። በሌላኛው ወገን ግን 27። ብዙ ያጨሰ ብዙ ታሟል። ዶል ጥናቱ ሳያልቅ ሲጋራውን ጣለ።

በዚያው ዓመት፣ በ1950 (እ.ኤ.አ.)፣ በአሜሪካ ኧርነስት ዊንደር የተባለ የሕክምና ተማሪና ኤቫርትስ ግራሃም የተባለ እውቅ የደረት ቀዶ ሐኪም ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። የግራሃም ታሪክ ልብ ይነካል። በ1933 (እ.ኤ.አ.) ከአንድ የካንሰር ታማሚ ሙሉ ሳንባ በአንድ ቀዶ ሕክምና አውጥቶ ሕይወቱን በማትረፍ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። የተማሪውን ሐሳብ መጀመሪያ አላመነበትም፤ ራሱም የብዙ ዘመን አጫሽ ነበር። ውጤቱን ሲያይ አቆመ። ግን ዘግይቶ ነበር። በ1957 (እ.ኤ.አ.) በሳንባ ካንሰር ሞተ። ሳንባውን ያወጣለት ታማሚ ግን ከእርሱ በኋላም ኖረ። ሱብሃነላህ!

ዶልና ሂል በዚህ አልረኩም። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ለእንግሊዝ ሐኪሞች ሁሉ መጠይቅ ላኩ፤ ከ40 ሺህ በላይ መለሱ። ከዚያ በኋላ ማን በምን እንደሞተ እየመዘገቡ ሃምሳ ዓመት ተከታተሉ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ድምር ውጤት ዕድሜውን ሙሉ ያጨሰ ሰው ካላጨሰው በአማካይ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ እንደሚሞት አሳየ።

በሐዲስ ዒልም አንድ ዘገባ በብዙ መንገድ፣ ሊስማሙ በማይችሉ ሰዎች ሲመጣ ሙተዋቲር እንለዋለን። ይህም እንደዚያ ሆኗል። ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከሌሎችም አገሮች አንድ ዓይነት ምስክርነት መጣ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም ሉተር ቴሪ ሲጋራ ለሳንባ ካንሰር ምክንያት መሆኑን በይፋ አወጀ።

■ ሳንባ ውስጥ የሚሆነው

አላህ የመተንፈሻ ቱቦአችንን እንደ ምንጣፍ ፀጉር በጥቃቅን ፀጉሮች ሸፍኖታል። እነርሱ ሌት ተቀን እየተወዛወዙ አቧራና ቆሻሻን ከአክታ ጋር ወደ ላይ ይጠርጋሉ። የሲጋራ ጭስ እነዚህን ጠራጊዎች ያደነዝዛል፤ ቀስ በቀስም ይገድላቸዋል። አጫሽ ጠዋት ጠዋት የሚያስለው ጠራጊው ሲጠፋ አካሉ በሳል ሊጠርግ ስለሚሞክር ነው።

በጭሱ ውስጥ ከሰባት ሺህ በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ሰባ ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ቤንዞፓይሪን ይባላል። በሴሎቻችን ውስጥ ደግሞ «ፒ53» የሚባል ጠባቂ ጂን አለ፤ ሴል ከልኩ አልፎ እንዳይራባ የሚቆጣጠር ዘበኛ ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ይህ ኬሚካል ዘበኛውን የሚመታባቸው ቦታዎች በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ዘበኛው ተሰብሮ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ጋር እንደሚገጥሙ አሳዩ። ሌባው አሻራውን ጥሎ እንደመሄድ ነው።

አንዷ ሲጋራ ወዲያው አትገድልም። ሁሉም እዚያ ላይ ይታለላል። ጉዳቱ ይጠራቀማል፤ ሰውየው «ይኸው ሃያ ዓመት አጨስኩ፣ ምንም አልሆንኩም» ሲል ሥራው ውስጥ ውስጡን እየተሠራ ነው።

■ ሹብሃ የሚሸጡ ነጋዴዎች

ማስረጃው ሲወጣ ኩባንያዎቹ ምን አደረጉ? በታኅሣሥ 1953 (እ.ኤ.አ.) የትልልቆቹ የአሜሪካ ሲጋራ ፋብሪካዎች አለቆች ኒውዮርክ በአንድ ሆቴል ተሰበሰቡ። በጥር 4 ቀን 1954 (እ.ኤ.አ.) ከአራት መቶ በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጡ። መልእክቱ ባጭሩ «የናንተ ጤና ያሳስበናል፤ ነገሩ ግን አልተረጋገጠም፤ እኛም እናስጠናለን» የሚል ነበር። በኋላ በፍርድ ቤት የወጡ የውስጥ ሰነዶች ዓላማቸው ጥርጣሬን ማስፋት እንደነበር አጋለጡ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) አንዲት የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ኩባንያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ሕዝቡን እንዳታለሉ ፈረደች።

ወንድሞቼ፣ ይህ ለኛም ያገባናል። ከነዚያው ሰነዶች ውስጥ ተመራማሪዎች ስለ ሙስሊሙ ዓለም የተጻፉትንም አግኝተዋል። ኩባንያዎቹ ሲጋራን የሚከለክሉ ፈትዋዎች መብዛታቸውን ለንግዳቸው እንደ ስጋት ቆጥረውታል፤ የሚከለክሉትን አክራሪ አድርጎ ለማሳየት፣ ሲጋራ በቁርኣን አልተከለከለም የሚለውን ሐሳብ ለማጉላት፣ ለእነርሱ የሚመች ሐሳብ ያላቸውን የሃይማኖት ምሁራን ለመፈለግም መክረዋል። «መክሩህ ብቻ ነው» የምትለው ዐረፍተ ነገር የአንዳንዶችን ኪስ እንዴት እንደምታሞቅ አስቡት። እኔ በመስጂዱ በር ላይ በነጻ ነው የሸጥኩላቸው።

■ ፈትዋው ሲመለስ

ማስረጃው እየጠራ ሲመጣ ኡለማዎች እንደገና መረመሩ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቢሮ የዓሊሞችን ፈትዋ ሰብስቦ ስለ ማጨስ ኢስላማዊ ብያኔ ቡክሌት አሳተመ። የሳዑዲው ሙፍቲ ኢብኑ ባዝ፣ የግብጹ ሙፍቲ ነስር ፈሪድ ዋሲል፣ ሼኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊና ሌሎችም ብዙዎች ሐራም ነው አሉ። የኢንዶኔዥያ የኡለማዎች ምክር ቤት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና በሕዝብ ቦታ ሐራም ነው ብሎ በቀረው ላይ በሐራምና በመክሩህ መካከል ተለያየ። ስለዚህ ዛሬም መክሩህ የሚሉ የሉም አልልም፤ አማና ነው።

የድሮዎቹን ፈቃጆች ስም ጠርቶ የዛሬን ሲጋራ መለኮስ ግን እነርሱን መበደል ነው። እነርሱ «ጉዳቱ ካልተረጋገጠ» ብለው ሸርጥ አስቀመጡ። ሸርጡ ፈረሰ። ሸርጡ የፈረሰ ፈትዋ ይዞ መሄድ ጊዜው ባለፈበት መድኃኒት እንደ መታከም ነው። በሱረቱል በቀራ 195ኛው አያ ላይ አላህ ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ያዘዘውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥያቄው ትምባሆ ጥፋት ነው ወይ የሚል ነበር፤ ሐኪሞቹ መልሰውታል።

■ ሺሻው፣ ጫት ቤቱና ቤታችን

«እኔ ሲጋራ አላጨስም፤ አልፎ አልፎ ሺሻ ነው፤ እሱም በውኃ ይጣራል» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥብም። ስለቀዘቀዘ በጥልቀት ይሳባል፤ ከትምባሆው ላይ የከሰሉ ጭስ ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) እንዳሉት በአንድ የሺሻ ቁጭታ የሚሳበው የጭስ መጠን የመቶ ሲጋራ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የእንጆሪ ሽታው ትምባሆን እንደ መድኃኒት ካመጡት ነጋዴዎች ልብስ የተለየ አይደለም።

ቅጠል ላይ ተቀምጦ «ለምርቃና» ተብሎ የሚጀመረውም እንዲሁ ነው። ብዙ ወጣት የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሚቀበለው ከጓደኛው እጅ፣ ጫት ቤት ውስጥ ነው። ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ የሚፈጅበት ሰከንዶች ብቻ ነው፤ ከሱሱ መውጣት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ የሺሻ ንግድንም ይከለክላል። በሌላ በኩል በ2016 (እ.ኤ.አ.) የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈሰው ያረጁ አጫሾችን አስቦ አይመስለኝም። ነጋዴ ነገ የሚገዛውን ነው የሚያየው፤ ነገ የሚገዙት እናንተ ናችሁ።

ጭሱ የአጫሹ ብቻም አይደለም። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ጃፓናዊው ሂራያማ ራሳቸው የማያጨሱ ከ90 ሺህ በላይ ባለትዳር ሴቶችን ተከታትሎ፣ ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱት በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ሳሎን ተቀምጦ የሚያጨስ አባት ሚስቱንና ልጆቹን አብሮ እያስጨሰ ነው። ይህ የሰው ሐቅ ነው፤ በመክሩህና በሐራም ክርክር የሚታለፍ አይደለም።

የማያጨስ ሰውም በሳንባ ካንሰር ሊያዝ ይችላል። የፋብሪካና የመኪና ጭስ፣ አስቤስቶስ፣ በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ ዘመን ሙሉ የሚተነፈስ የማገዶና የከሰል ጭስ ሳንባን ይጎዳሉ። እናቶቻችን ሲያበስሉ መስኮት እንክፈትላቸው፣ ብንችል ምድጃውን እንቀይርላቸው። የታመመን ሰው ሁሉ «አጭሶ ነው» ብለን አንጠርጥር። ዋናው ምክንያት ግን ትምባሆ ነው፤ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

■ በሩ ክፍት ነው

የዶል የሃምሳ ዓመት ጥናት ተስፋም ይዟል። በ60 ዓመቱ ያቆመ ሦስት ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል፤ በ50 ያቆመ ስድስት፤ በ40 ያቆመ ዘጠኝ፤ በ30 ያቆመ አሥሩንም ማለት ይቻላል። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ እኛ የታዘዝነው ሰበቡን እንድናደርስ ነው። ካቆሙ ከአሥር ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት ስጋት ማጨሱን ከቀጠለው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህች የተውባ በር ትመስለኛለች፤ ቀድሞ የገባ ብዙ ያተርፋል፤ ዘግይቶ የመጣም አይመለስም።

ረመዳንን ያጨሰ ሰው አንድ ነገር ራሱ ያውቃል። በቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ያለ ሲጋራ መዋል እንደሚችል ለሠላሳ ቀን አረጋግጧል። የጎደለው መግሪብ ላይ ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ከአጫሽ ጓደኛ ራቅ በሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ መስጂድ ውስጥ ቆዩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ይኖራል፤ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ወድቃችሁ ከተነሳችሁም እንደገና ጀምሩ። የጤና ባለሙያ ማማከርም ነውር የለውም።

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የደረት ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካያችሁ በራሳችሁም ሆነ በቤተሰባችሁ ላይ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ። ቲቢ ከሆነ ይድናል። የቲቢ ሕክምና ተጀምሮ ሳሉ ካልተሻለ ግን ተመልሳችሁ ሂዱና ሌላ ምርመራ ጠይቁ። የኛ ሹፌር ያጡት ይህችን ጊዜ ነበር።

ባለፈው ረመዳን አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በዚያው በር ላይ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ኡስታዝ፣ ሺሻ መክሩህ ነው አይደል?» አለ። በዚህ ጊዜ «ኺላፍ አለው» ብዬ አላለፍኩም። ቁጭ አድርጌ ከካይሮዎቹ ሁለት ሼኾች ጀምሬ እስከዚያ ጀናዛ ድረስ ነገርኩት። ሲጨርስ ዝም አለ። ከዚያ «ሸርጡ ፈርሷል ማለት ነዋ» አለኝ።

አዎ፣ ሸርጡ ፈርሷል።

አላህ ሳንባችንንም ልባችንንም ይጠብቅልን፤ በዚህ በሽታ ላሉት ሺፋእ፣ ለሞቱት ረሕመት ይስጥልን። ከሚያጨስ ወንድማችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ እንደ ሙራድ ሳይሆን እንደ ወንድም።

ወላሁ አዕለም።